ላይቭ ለሚገቡ አካል ጉዳተኞች፦ ጅማ ላይ ስለ ኦንላይን ደህንነትና ስለ አጋዥ ሰዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቲክቶክ፣ ዩቲዩብና ፌስቡክ ላይ ላይቭ የሚገቡ የጅማ አካል ጉዳተኞች ደጋግመው የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች ከቀላሉ ጀምረን አስቀምጠናል።

ላይቭ ለመግባት መጀመሪያ ምን ማሟላት አለብኝ?

ቲክቶክ ላይ ላይቭ መግባት የሚችለው 18 ዓመት የሞላው ሰው ብቻ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም 1,000 ፎሎወር ይጠይቃል። ዩቲዩብ በስልክ ላይቭ ለመግባት 50 ሰብስክራይበርና በስልክ ቁጥር የተረጋገጠ ቻናል ይፈልጋል። የመጀመሪያው ፈቃድ እስከ 24 ሰዓት ሊቆይ ስለሚችል ከፕሮግራምዎ ቢያንስ አንድ ቀን ቀድመው ያስከፍቱት። ፌስቡክ ደግሞ 60 ቀን የሞላው አካውንትና 100 ፎሎወር ይላል።

ፎሎወር አልሞላ ሲል «1,000 የሞላ አካውንት ልሽጥልህ» የሚል አይጠፋም። አይግዙ። አካውንቱ የተከፈተበት ኢሜይልና ስልክ በሻጩ እጅ ስለሚቀር፣ እርስዎ ተመልካች ካፈሩ በኋላ «ፓስወርድ ረሳሁ» ብሎ መልሶ ሊወስደው ይችላል። ዳታውንም አስቀድመው ያስሉ፤ በሰከንድ 2 ሜጋ ቢት የሚልክ ላይቭ በሰዓት ወደ 900 ሜጋ ባይት ይበላል።

ስልኬ ላይ አስቀድሜ ምን ላስተካክል?

ከሁሉ በፊት የሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ያብሩ። ኮዱ የሚላክበት ስልክና ኢሜይል የራስዎ ይሁን፤ የወንድምዎ፣ የጎረቤትዎ ወይም ስልኩን የሸጠልዎት ልጅ አይሁን። ስልክ ሲገዙ ሱቅ ውስጥ ኢሜይል ተከፍቶልዎት ፓስወርዱን በቁራጭ ወረቀት ተቀብለው ከሆነ፣ ዛሬውኑ ፓስወርዱን ይቀይሩ፤ ለመልሶ ማግኛ የተመዘገበው ስልክ የማን እንደሆነም ይመልከቱ። ብዙ ሰው ፓስወርዱን ቀይሮ ይህን ሁለተኛውን ይረሳል፤ አካውንቱ የሚወሰደውም በዚያ በኩል ነው።

ቀጥሎ ከማያውቁት ሰው የሚመጣ የውስጥ መልእክትን ይዝጉ፤ ቪዲዮዎ እንዳይወርድ ይከልክሉ፤ ዱየትና ስቲችን (ሌላ ሰው ቪዲዮዎን ከራሱ ጋር አጣምሮ የሚለቅባቸውን) ለጓደኞች ብቻ ያድርጉ። ለማላገጫ የሚሆን ቅንጭብ ብዙ ጊዜ የሚሠራው በእነዚህ በኩል ነው። ስክሪን የሚቀዳን ሰው ግን የትኛውም ሴቲንግ አያስቆመውም።

የስድብ ፊልተሩን አብርቻለሁ፤ ለምን አማርኛውን ያሳልፋል?

የመድረኮቹ አውቶማቲክ ፊልተር እንግሊዝኛን የሚያውቀውን ያህል አማርኛንም ኦሮምኛንም አያውቅም። ጅማ ላይ ደግሞ በአንድ ላይቭ ውስጥ አማርኛ በፊደል፣ አማርኛ በላቲን፣ ኦሮምኛ በቁቤ፣ አልፎ አልፎም ኦሮምኛ በግዕዝ ፊደል ይመጣል። ስለዚህ የቃላት ዝርዝሩን በእጅ መሙላት ግድ ነው።

ሲሞሉ ድምፃቸው አንድ የሆኑትን ፊደላት ያስቡ። «ዕውር» ብለው ብቻ ካስገቡ «እውር» ያልፋል። ሀ፣ ሐና ኀ፣ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ ያሉበት ቃል ሁሉ በየአጻጻፉ ይግባ። ከዚያ እርባታው አለ፤ «ደንቆሮ»ን ብቻ የያዘ ዝርዝር «ደንቆሮው»ን፣ «ደንቆሮዋ»ንና «ደንቆሮዎች»ን ሊለቅ ይችላል። በላቲን ሲጻፍ ያው ቃል በኬም በኪውም ይመጣል። በቁቤ ደግሞ «ጃማ» (በኦሮምኛ ዕውር) የሚለውን አንዱ አናባቢውን ነጠላ፣ ሌላው ድርብ አድርጎ ይጽፈዋል። ፊደሎቹን በነጥብ ወይም በክፍት ቦታ ነጣጥሎ የሚልክም አለ። አንድ ስድብ በቀላሉ አሥር መስመር ይወጣዋል፤ በአንድ ቀን አይጨርሱትም። ከየላይቩ በኋላ ሞደሬተሮችዎ (ኮመንቱን የሚጠብቁልዎ ሰዎች) ያመለጠውን ቃል ይመዝግቡ፤ ያንኑ ዕለት ይጨመር።

«ዓይነ ስውር»፣ «መስማት የተሳነው»፣ «ዊልቸር» የሚሉትን ግን አያስገቡ። ስለ ራሳቸው ሊያወሩ የመጡትን ወገኖችዎን ዝም ያሰኛሉ፤ እነሱም ኮመንታቸው ለምን እንዳልታየ አያውቁም። ዝርዝሩን በሌላ ስልክ ከሌላ አካውንት እየጻፉ ይሞክሩት።

ዓይነ ስውር ነኝ። ቶክባክ (የአንድሮይድ ስክሪን አንባቢ) በርቶ ላይቭ መግባት አደጋ አለው?

አለው፤ ግን መላ አለው። ቶክባክ የሚያነበው በስልኩ ድምፅ ማጉያ ከወጣ ማይኩ ይይዘዋል። የባንክ መልእክት ቢገባ ቀሪ ሒሳብዎን፣ የማረጋገጫ ኮድ ቢገባ ኮዱን ለተመልካች ሁሉ ያነብልዎታል። ባለገመድ ኢርፎን በአንድ ጆሮ ያድርጉ፤ እሱ ብቻ ግን አይበቃም። ገመዱ በመሐል ቢነቀል ድምፁ ወዲያው ወደ ማጉያው ይዞራልና ከመግባትዎ በፊት «ዱ ኖት ዲስተርብ» ይብራ፤ ኖቲፊኬሽን ጭራሽ አይግባ። ኢርፎኑ የራሱ ማይክ ካለው ልብስ ላይ እየታሸ እንዳይንኮሻኮሽ በመቆንጠጫ ይያዝ።

ካሜራው ምን እንደሚያይ ለማወቅ ከመጀመሪያው ላይቭ በፊት 30 ሰከንድ ይቅዱና ለሚያምኑት ሰው ያሳዩ። የሚጠየቀው «ቆንጆ ነኝ?» ሳይሆን «ከኋላዬ ምን ይነበባል?» ነው፦ መታወቂያ፣ የመድኃኒት ካርቶን፣ የሐኪም ወረቀት፣ መስታወት። የስልኩ ማቆሚያና ወንበርዎ የሚያርፉበትን ቦታ በእጅ በሚዳሰስ ፕላስተር ምልክት ያድርጉበት፤ አንዴ የተፈተሸ ቦታ ሳይዛባ ይቆያል። አይፎን ያለው ሰው በስልኩ ስክሪን አንባቢ በቮይስኦቨር ካሜራው ስንት ፊት እንደሚያይ ይነገረዋል።

ሌላው ብዙ ሰው የማያስተውለው የድምፁ ቋንቋ ነው። የተጫነው ድምፅ አማርኛ የማያውቅ ከሆነ ኮመንቱን ሳያነብ ይዘለዋል፤ ስድቡም የሞደሬተር ማስጠንቀቂያውም አብሮ ያልፍዎታል። ኢስፒክ ኤንጂ የሚባለው ነጻ የድምፅ ፕሮግራም አማርኛም ኦሮምኛም አለው፤ ድምፁ ሸካራ ቢሆንም ያነባል። አስቸኳይ ነገር ሲኖር ሞደሬተሩ በሌላ ተራ ስልክ ይደውልልዎ። ላይቭ በያዘው ስልክ ላይ ከተደወለ ላይቩ ራሱ ሊቋረጥ ይችላል።

መስማት የተሳነኝ ነኝ፤ በምልክት ቋንቋ ነው የማስተላልፈው። ለእኔ ልዩ ጥንቃቄ አለ?

ዋናው ማይኩ ነው። እርስዎ በእጅዎ ሲያወሩ ማይኩ ክፍት ከሆነ የቤተሰብ ወሬ፣ የጎረቤት ጠብ፣ በር ላይ የሚጠራ ስምዎ ሁሉ ይወጣል፤ እርስዎ ግን አይሰሙትም። ከመጀመርዎ በፊት ማይኩን ሚዩት ያድርጉ፤ ሰሚ ሰው በሌላ ስልክ ከፍቶ ያረጋግጥልዎ። ላይቭ ትራንስክራይብ የሚባለው የጉግል አፕ አማርኛ ስለሚጽፍ በሁለተኛ ስልክ ከፍተውት በክፍሉ ውስጥ የሚነገረውን ማንበብም ይችላሉ።

ቲክቶክ ላይ ኮመንቱ የሚወርደው በስክሪኑ ታችኛው ክፍል ነው። እጅዎ እዚያ ውስጥ ከገባ ምልክቱ አይነበብም፤ ስለዚህ ወገብዎ የስክሪኑ ግርጌ ላይ እንዲያርፍ ርቀው ይቀመጡ። የማያውቁትን ሰው በእንግድነት አያስገቡ፤ በእጅ የሚሰደብን ስድብ የቃል ፊልተር አያየውም።

ሞደሬተር ስንት ይበቃኛል? ማንን ልምረጥ?

ለጀማሪ ሦስት ሰው በቂ ነው፤ ሁለቱ ይሠራሉ፣ አንዱ ተጠባባቂ ይሆናል። ከመካከላቸው አንዱ ቁቤ አቀላጥፎ የሚያነብ ይሁን። ሌላው ከጅማ ውጭ የሚኖር ይሁን፤ የእርስዎ ሰፈር መብራት ሲሄድ የሞደሬተሩም አብሮ ከሄደ ቤቱ ያለ ዘበኛ ይቀራል። ስድብ ሲያነቡ መቆየት ሰውን ያደክማልና በ45 ደቂቃ ይቀያየሩ። የዳታ ወጪያቸውን ይሸፍኑላቸው።

ሞደሬተር ለማድረግ ፓስወርድ መስጠት አያስፈልግም፤ ሥልጣኑ የሚሰጠው በእሱ አካውንት ላይ ነው። «ፓስወርዱን ካልሰጠኸኝ አልሠራም» ያለ ሰው ለዚህ ሥራ አይሆንም። ሥርዓቱን አስቀድማችሁ ተስማሙ። ተራ ስድብ ሳይመለስለት ይጠፋል፤ ዛቻ ግን መጀመሪያ ስክሪንሾት ይነሣል፣ ከዚያ ነው ብሎክ የሚደረገው። «አሁኑኑ ውጣ» የሚል ትርጉም ያለው አንድ የጋራ ቃልም ይኑራችሁ።

ሰው ለማግኘት የሚሻለው መንገድ ደቦ ነው። ላይቭ የሚገቡ ሦስት አራት አካል ጉዳተኞች ቀናቸውን ተከፋፍለው አንዱ ሲገባ ሌሎቹ ይጠብቁታል። የሚሰነዘረውን ነገር ራሳቸው ስለቀመሱት «ይሄ ቀልድ ነው፣ እለፈው» አይሏችሁም። በከተማው ያሉ የአካል ጉዳተኞች ማኅበራትና የጅማ ዩኒቨርሲቲ አካል ጉዳተኛ ተማሪዎች ዘንድ መጠየቅ ጥሩ መነሻ ነው።

ሰዎች «ምስኪን»፣ «ጸበል ሞክር»፣ «ዱዓ እናድርግልህ» ይሉኛል። ብሎክ ላድርጋቸው?

ብሎክ አያስፈልግም፤ አብዛኛው በቅንነት ነው የሚጻፈው። ግን ዝም ከተባለ ላይቩ ስለ ሥራዎ መሆኑ ይቀርና ከንፈር መምጠጫ ይሆናል። ከላይ የሚሰካ አንድ አጭር ኮመንት ያዘጋጁ፤ «የዛሬው ርዕሳችን ይህ ነው፤ ስለ ጤናዬ ላይቭ ላይ አልመልስም» የሚል ይበቃል። ሞደሬተሩ እሱን እየጠቆመ ይመልስ፤ እርስዎ ቀና ብለው ሥራዎን ይቀጥሉ። «ምን ሆነህ ነው?» ለሚል ጥያቄ መልስ የመስጠት ግዴታ የለብዎትም።

ከአዛኞቹ መሐል የሚለዩት «መድኃኒት አለኝ፣ ኢንቦክስ ግባ» የሚሉት ናቸው። እነሱን ወዲያው ከላይቩ ያስወጧቸው። ክፍያውን አስቀድመው ይጠይቃሉ፤ አንዳንዶቹም የሕክምና ወረቀትዎን ፎቶ ከወሰዱ በኋላ በስምዎ ገንዘብ ይለምኑበታል።

ጅማ ትንሽ ከተማ ናት። ቤቴ እንዳይታወቅ ምን ላድርግ?

ነጭ በትር የያዘ ወይም ዊልቸር ላይ ያለ ሰው ሕዝብ መሐል ገብቶ አይሰወርም፤ ከሄርማታ መርካቶ እስከ ፈረንጅ አራዳ የሚያየው ሁሉ ያስታውሰዋል። ስለዚህ ጥንቃቄው ከሌላው ሰው በላይ መሆን አለበት። በመስኮት የጅሬን ኮረብታ የሚታይበት አቅጣጫ ብቻውን ሰፈርዎን ለሚያውቅ ሰው ይበቃዋል። የመስጊድ ሚናራ፣ የሱቅ ታፔላ፣ በር ላይ የቆመ ባጃጅ ታርጋም እንዲሁ። ጀርባዎን ለባዶ ግድግዳ ወይም ለመጋረጃ ይስጡ።

ድምፅም ይናገራል። አዛንና ቅዳሴ ከየት አቅጣጫ እንደሚሰማ የሰፈሩ ልጅ ይለየዋል። «መብራት ሄደ» ብለው በተናገሩበት ደቂቃ «እኛም ጋ ሄደ» የሚል ኮመንት ከመጣ፣ ሰውየው ምናልባት በአንድ መስመር ላይ እንደሆናችሁ አውቋል። ላይቭ ላይ «ኔትወርክ ነው» ማለት ይበቃል። ካፌ ወይም አዌቱ ዳር ሆነው ላይቭ አይግቡ፤ ቀድተው ቤት ከደረሱ በኋላ ይልቀቁት። ብቻዎን የሚሆኑበትን ሰዓት፣ መድኃኒት የሚወስዱበትን ቀንና ሁልጊዜ የሚጠቀሙበትን ባጃጅ አይናገሩ።

ተመልካች ገንዘብ ልላክልህ ሲል ቴሌብሬን ልስጥ?

ቴሌብር የሚሠራው በስልክ ቁጥር ነው። ቁጥሩን ላይቭ ላይ ማሳየት ስልክዎን ለሁሉም መስጠት ነው፤ ከዚያም በላይ ላኪው ቁጥሩን ሲያስገባ ሙሉ ስምዎ ይወጣለታል። የባንክ ሒሳብ ቁጥርም ስም ያወጣል። ገንዘብ የሚቀበሉ ከሆነ ለዚህ ብቻ የሚሆን ሁለተኛ ሲም ያውጡ፤ ቲክቶክ፣ ቴሌግራምና ኢሜይል የተመዘገቡበት ሲም ግን ለማንም አይገለጥ።

«ልኬያለሁ» የሚል የውሸት መልእክት ብዙ ነው። የቴሌብር እውነተኛ መልእክት ከ127 ነው የሚመጣው፤ ከግል ቁጥር የመጣ «ተቀብለዋል» የሚል ጽሑፍ ዋጋ የለውም። አፑን ከፍተው ወይም *127# ደውለው ቀሪ ሒሳብዎን ሳያዩ አያመስግኑ፣ ይልቁንም «በስህተት በዛ፣ ትርፉን መልስልኝ» ሲሉዎት ቤሳ አይላኩ። «ጊፍት ልኬልህ ኮድ ይመጣልሃል፣ ንገረኝ» ከተባሉ ኮዱ የጊፍት (ተመልካች ላይቭ ላይ የሚልከው፣ ወደ ገንዘብ የሚቀየር ስጦታ) አይደለም፤ አካውንትዎን የሚከፍት ነው።

አካውንቱን የሚያንቀሳቅስልኝ ሌላ ሰው ነው፤ ጊፍቱንም እሱ ይቀበላል። ይህ ትክክል ነው?

እገዛ እገዛ ነው፤ እጅ ወይም ዓይን የሚሆን ሰው ማግኘት ነውር የለውም። ነገር ግን ኢሜይሉ፣ ስልኩና ገንዘቡ የሚገባበት ሒሳብ በሙሉ በእሱ ስም ከሆነ አካውንቱ የእርስዎ አይደለም፤ እርስዎ ፊትዎን ብቻ ነው የሰጡት። ላይቭ የሚገቡበትን ሰዓትና የሚሉትን የሚወስነው እሱ ከሆነ፣ «አልፈልግም» ሲሉም ቁጣ ካለ፣ ይህ ብዝበዛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ቢቢሲ በሶርያ መጠለያ ካምፖች ያሉ ቤተሰቦች በደላሎች አማካይነት ቲክቶክ ላይ ሲለምኑ መርምሮ፣ ከተላከው ጊፍት እስከ 70 በመቶው በመድረኩ እንደሚቀር አሳይቷል፤ ደላላው የሚወስደው ከቀሪው ላይ ነው። ብዝበዛ ያለበት ልመና በቲክቶክ ደንብም የተከለከለ ነው።

ለመውጣት ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። በቅድሚያ የራስዎን ኢሜይልና ሲም ያዘጋጁ። ስልኩ በእጅዎ በገባበት ጊዜ ኢሜይሉን፣ ቀጥሎ ስልክ ቁጥሩን፣ በመጨረሻ ፓስወርዱን ይቀይሩ፤ ከዚያ ሌሎች መሣሪያዎችን ከአካውንቱ ያስወጡ። ፓስወርዱን አስቀድመው ከቀየሩ ማሳወቂያው ለእሱ ይደርሰውና በእሱ ኢሜይል ይመልሰዋል። የሚኖሩት በእሱ ቤት ከሆነ ወይም ምግብና መድኃኒት የሚያገኙት በእሱ በኩል ከሆነ ግን፣ መጀመሪያ የሚያርፉበትን ቦታና አብሮዎት የሚቆም ሰው ያግኙ፤ አካውንት እንደገና ይከፈታል።

በአንድ ጊዜ በመቶ የሚቆጠር ሰው ገብቶ ቢሰድበኝስ?

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 ትዊች በሚባለው የላይቭ መድረክ ላይ በጥቁሮች፣ በአካል ጉዳተኞችና በሌሎች ላይ እንዲህ ያለ የጅምላ ወረራ ተዘምቶ፣ አስተላላፊዎች በሴፕቴምበር 1 ለአንድ ቀን ላይቭ አንገባም እስከማለት ደርሰው ነበር። መድረኩ በኋላ ሁሉንም መከላከያ በአንድ ቁልፍ የሚያበራ ሴቲንግ ጨመረ። ቲክቶክና ፌስቡክ ላይ ያንን ሥራ የሚሠሩት ሞደሬተሮች ናቸው።

ወረራው ሲጀምር አንድ ሞደሬተር ኮመንቱን ይዝጋ፤ ዩቲዩብ ከሆነ ቻቱን ለሰብስክራይበር ብቻ ያድርግና ስሎው ሞድ (አንድ ሰው መልእክት በተከታታይ እንዳይልክ የሚያዘገየውን) ያብራ። ሁለተኛው ስክሪን ይቅዳ። እርስዎ ስለ ወረራው አያውሩ፤ የሚፈልጉት ያንን ነው። በአምስት ደቂቃ ካልበረደ ላይቩን ይዝጉ። መዝጋት መሸነፍ አይደለም፤ ለነገው አቅም ማስቀረት ነው። የሚጥል በሽታ ያለበት አስተላላፊ ከሆነ ብልጭታ የሚልኩም አይጠፉም። በሰከንድ ከሦስት ጊዜ በላይ የሚብለጨለጭ ነገር አደገኛ ስለሆነ፣ ስክሪኑን ሞደሬተሩ እንጂ እሱ አይከታተል።

ማስረጃ እንዴት ልያዝ? ሕጉስ ምን ይላል?

ብሎክ ከማድረግዎ በፊት የዛቻውን ስክሪንሾት፣ የአካውንቱን ሊንክና «አት» የሚለው ምልክት ያለበትን ስሙን ይያዙ፤ ከላይ የሚታየው ቅጽል ስም በማንኛውም ሰዓት ይቀየራል። ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፉ። ስልክዎ ከምሽቱ 9:00 የሚለውን እርስዎ 3 ሰዓት ብለው ቃል ከሰጡ፣ በኋላ «አይገጥምም» የሚል ክርክር ይነሣል። ቀኑም እንዲሁ። ፌስቡክ የላይቭ ቪዲዮን ከ30 ቀን በኋላ ስለሚያጠፋ ቶሎ ያውርዱት።

የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አካል ጉዳትን በግልጽ ይጠቅሳል። በአካል ጉዳት ላይ ተመሥርቶ ጥላቻን፣ መድሎን ወይም ጥቃትን ሆን ብሎ የሚያራምድ ንግግር እስከ 2 ዓመት እሥራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ያስቀጣል፤ ማኅበራዊ ሚዲያዎችም ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሡ ይላል። በግል የሚደርስ ዛቻና ተደጋጋሚ ማስጨነቅ ደግሞ በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 13 ይታያል። እያንዳንዱ ስድብ ክስ አይሆንም፤ ቤትዎን አውቃለሁ ያለ፣ ደጋግሞ የተከታተለ ወይም ሰው እንዲያጠቃዎት የቀሰቀሰ ግን ለፖሊስ ይቅረብ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም ጅማ ላይ ጽሕፈት ቤት አለው።

እርቃን ምስል አለኝ፣ ካልከፈልክ እለቀዋለሁ ቢለኝስ?

አይክፈሉ። የከፈለ ሰው እንደገና ይጠየቃል። ምንም አይሰርዙ፤ ንግግሩን በሙሉ ይያዙ፣ የጠየቀውን የገንዘብ መቀበያ ቁጥር ይመዝግቡ፣ ከዚያ መልስ ያቁሙ። ምስሉ በኮምፒዩተር የተሠራ ውሸት ቢሆንም አካሄዱ ያው ነው። ስቶፕ ኤንሲአይአይ የሚባለው ነጻ ድረ ገጽ ምስሉን ሳይወስድ፣ እርስዎ ስልክ ላይ እንዳለ የቁጥር አሻራ ያወጣለታል፤ አሻራው ፌስቡክን፣ ኢንስታግራምንና ቲክቶክን ለመሳሰሉ አባል መድረኮች ተልኮ ያው ምስል ሲጫን እንዲታገድ ያደርጋል። ይህ 18 ዓመት ለሞላው ሰው ነው፤ ምስሉ የተነሣው ከዚያ በታች ሳሉ ከሆነ «ቴክ ኢት ዳውን» የሚባለውን ይጠቀሙ። ሁለቱም ቴሌግራም ላይ በግል የሚላላኩትን አይደርሱበትም፤ እዚያ ያለውን ሪፖርት አድርገው ለፖሊስ ያሳውቁ።

ዓይነ ስውር ከሆኑ ምስሉን የሚያይልዎ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ማን እንደሚሆን ችግሩ ሳይመጣ፣ ዛሬ ይምረጡት።